ለመኝታ ቤት መስኮት፦ ዜብራ፣ ሮለር ወይስ ወፍራም መጋረጃ?

የምንኖረው ካዛንቺስ፣ አስፋልት ዳር ካለ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። የመንገዱ መብራት ሌሊቱን ሙሉ ግድግዳችን ላይ ያድራል። እህቴ ነርስ ናት፤ አዳር ሠርታ ስትመጣ የምትተኛው ፀሐይ ከወጣች በኋላ ነው። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ፀሐይ ክረምት ከበጋ ከ12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ትወጣለች። አንጎላችን ጨለማ ሲሆን የሚያመነጨውን ሜላቶኒን የተባለ ሆርሞን ብርሃን ስለሚገታው፣ የእርሷ መስኮት ነገር ለእኔ የጤና ጉዳይ ነው።

በመጀመሪያ የገዛነው ዜብራ ነበር። ሻጩ «ድፍን ነው» አለን፤ አልነበረም። ስስና ድፍን መስመሮች የሚፈራረቁበት ጨርቅ ስለሆነ፣ ተዘግቶም በመስመሮቹ መጋጠሚያ ብርሃን ይሾልካል። ለሳሎን ያምራል፤ ለመኝታ ቤት አልመክረውም። በገመድ የተያያዙ ስስ የአሉሚኒየም ዝርግ ቁራጮች ያሉት መጋረጃም ገመዱ በሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች ብርሃን ያስገባል፤ አቧራውን መጥረግም አድካሚ ነው።

ብላክአውት ሮለር፣ ማለትም ወደ ላይ የሚጠቀለል ድፍን ጨርቅ፣ ከሁለቱ እጅግ ይሻላል። ጨርቁ ራሱ ብርሃን አያሳልፍም፤ ጉዳዩ ያለው ጠርዙ ላይ ነው። በመስኮቱ ክፈፍ ውስጥ ሲገጠም በግራና በቀኝ 1 ወይም 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍት ይቀራል። መስኮቱ ወደ ምሥራቅ የሚያይ ከሆነ በዚያች ስንጥቅ የምትገባው የጠዋት ፀሐይ ብቻዋን የተኛውን ሰው ታነቃዋለች። ስለዚህ ከክፈፉ ውጭ፣ ግድግዳው ላይ አስገጥሙት። ሕፃን ካለ የሚንጠለጠለው ሰንሰለት አንገት ሊያንቅ ስለሚችል ግድግዳው ላይ ይታሰር።

አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ግን ወፍራሙን መጋረጃ እመርጣለሁ። መርካቶ ጨርቁን በሜትር ገዝቶ ማሰፋት ይቻላል፤ ግድግዳውን አልፎ ስለሚሸፍንም የጠርዙን ክፍተት ይደፍነዋል። ዘንጉ ከመስኮቱ በላይና በሁለቱም ጎን 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ይለፍ፤ የጨርቁ ስፋት የዘንጉ ርዝመት እጥፍ ቢሆን፣ ቢያንስ አንድ ከግማሽ፣ መጋረጃው ሲዘጋ መሐሉ አይከፈትም። ወለሉ ድረስ ይውረድ። ከመግዛታችሁ በፊት የስልካችሁን መብራት ከጨርቁ ጀርባ አብሩ፤ ነጥብ ነጥብ እያለ ከታየ ተዉት። ጀርባው የተቀባ ከሆነ ሲታጠብ አይጠመዘዝ፤ ሽፋኑ ይሰነጠቃል።

እህቴ አሁን ሁለቱን ደርባለች፤ ከውስጥ ሮለር፣ ከላዩ ወፍራም መጋረጃ። አዳር በሠራች ማግስት እስከ 8 ሰዓት ትተኛለች።