የስኳር መከታተያ አፕ በደጋና በቆላ፦ የ10 ወር አጠቃቀሜ

ስኳር እንዳለብኝ ካወቅሁ ስምንት ዓመት ሆነኝ። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት በሜትፎርሚን ኪኒን ገፋኋቸው፤ ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን መወጋት ከጀመርኩ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ደብረ ብርሃን ውስጥ አትክልት እነግዳለሁ፤ ሐሙስ ሐሙስ መንገዱ ሰላም ሲሆን ሽንኩርትና ቲማቲም ለመጫን ሸዋ ሮቢት እወርዳለሁ። ሥራዬን የጠቀስኩት አፑ ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ በዚያ መንገድ ላይ ስለሆነ ነው።

ስልኬ ላይ የጫነችልኝ ልጄ ናት፣ በመስከረም 2017። ስሙን አልጠራም፤ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠሩ ብዙ አሉ፣ የምለውም ለአብዛኞቹ ይሆናል። የለካሁትን ቁጥር፣ የተወጋሁትን መጠን፣ የበላሁትን እጽፍበታለሁ፤ እሱ በቀለም ለይቶ በቀንና በሰዓት ይደረድርልኛል። መለኪያዬ ከስልክ ጋር የማይገናኝ ተራ መለኪያ ስለሆነ ሁሉንም በእጄ ነው የማስገባው። ኢንተርኔት በጠፋባቸው ሳምንታትም መመዝገቡን አላቆመም፤ ይህ ለእኛ አካባቢ ቀላል ነገር አይደለም።

አጀማመሩ ግን አስቸጋሪ ነበር። የመጀመሪያ ቀን 148 ብዬ ባስገባ አልቀበልም አለኝ። ለካስ የተዘጋጀው በሚሊሞል ነው፤ እኛ ዘንድ መለኪያውም ሐኪሙም የሚናገሩት በሚሊግራም ነው። በሊትር አንድ ሚሊሞል ማለት በዴሲሊትር 18 ሚሊግራም ስለሆነ የእኔ 148 በአፑ 8.2 ነው። ማስተካከያው ውስጥ ገብታ ልጄ ቀየረችው።

ከዚያ የሰዓቱ ጉዳይ መጣ፤ ይህን ለሚጀምር ሰው ሁሉ አስጠነቅቃለሁ። መርፌዬ ጠዋት 1 ሰዓት ነውና ማስታወሻውን 1:00 ብዬ ሞላሁት። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ «ኢንሱሊን» እያለ ጮኸ። እንቅልፍ ባዞረው ጭንቅላት ተነስቼ ብልቃጡን አንስቼ ነበር፤ ባለቤቴ መብራት አብርታ «ገና ሌሊት ነው እኮ!» ባትለኝ እወጋው ነበር። ባዶ ሆድ በሌሊት ኢንሱሊን ምን እንደሚያደርግ የምናውቀው እናውቃለን። አፑ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው፦ የእኛ ጠዋት 1 ሰዓት ለእሱ 7:00 ነው። አሁንም ለምትከታተለኝ ነርስ የማሳየው ዝርዝር ላይ 7:10 ሲል ከቀትር በኋላ እንዳይመስላት በእያንዳንዱ ቁጥር ሥር «ጠዋት» ወይም «ማታ» ብዬ እጽፋለሁ።

ያቺ ከቁጥሩ ሥር ያለች የማስታወሻ ቦታ ናት ሕይወቴን ያተረፈችው ብል ማጋነን አይሆንም።

ታኅሣሥ ላይ ሮቢት የሽንኩርት ጆንያ እያስጫንኩ ላቤ ይንጠፈጠፋል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ላይ ናት፤ እዚያ ያለ ሥራ ያላበው ሰው ይደነግጣል። ሮቢት ግን ቆላ ነው፣ ሁሉም ሰው ያልበዋል፣ እኔም ሙቀቱ ነው ብዬ ዝም አልኩ። የሚጭነው ልጅ «ጋሼ፣ ምነው ከንፈርዎ ነጣ?» ሲለኝ ጆንያው ላይ ተቀመጥኩ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ስትሪፑን፣ ያንን ደም የሚነካውን ቀጭን መመርመሪያ፣ መለኪያው ውስጥ መክተት አቃተኝ፤ ልጁ ነው የከተተልኝ። 54 አለ። ከ70 በታች ሲሆን ወርዷል ይባላል፤ 54 ደግሞ አደገኛ ነው። ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠው አጠጡኝ፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ስለካ 81 ሆነ፣ ከዚያ ምሳዬን በላሁ። እንጀራ ይቅመስ የሚሉም ነበሩ፤ በዚያ ሰዓት የሚያስፈልገው ቶሎ ደም ውስጥ የሚገባ ስኳር ነው፣ እንጀራው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

በዚያ ምሽት ቤቴ ቁጭ ብዬ አፑን ወደ ኋላ ገለጥኩት። «ሮቢት» የሚል ማስታወሻ ያላቸውን ቀኖች ብቻ ፈልጌ አየሁ፦ 72፣ 66፣ 69፣ 54። ሁሉም ከ6 እስከ 7 ሰዓት ባለው፣ ከምሳ በፊት። ደብተር ላይ ስጽፍ ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን አላየሁትም፤ ሐሙሶቹ በሌሎቹ ቀናት መሀል ተደብቀው ነበር። ለነርሷ ሳሳያት ምክንያቱን ወዲያው ነገረችኝ። እኔ የምወጋው ኤንፒኤች፣ ያ ደፍረስ የሚለው ኢንሱሊን፣ ከተወጋ ከአራት ሰዓት ገደማ በኋላ ጀምሮ ነው ለብዙ ሰዓት ኃይሉ የሚበረታው። ሐሙስ ግን መንገድ ስላለብኝ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ነው የምወጋው። ስለዚህ ልክ ጆንያ በምሸከምበትና ምሳ በሚዘገይበት ሰዓት ይበረታል፤ ጉልበት ሥራው ስኳሩን ያወርዳል፣ ሙቀቱም ኢንሱሊኑ ቶሎ ወደ ደም እንዲገባ ያደርጋል። ሐኪሙ የሐሙስን የጠዋት መጠን ቀነሰልኝ፤ 5 ሰዓት ላይ ደግሞ አንድ ነገር እንድቀምስ አዘዘኝ። ከጥር ወዲህ ሮቢት ላይ ከ70 በታች ወርጄ አላውቅም።

ደጋውም የራሱ ፈተና አለው። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ መለኪያው ጠዋት ጠዋት የቴርሞሜትር ምልክት አሳይቶ አልለካም ይላል። አብዛኞቹ መለኪያዎች ከ10 ዲግሪ በታች አይሠሩም። አሁን ከነስትሪፑ ጋቢዬ ውስጥ አሳድረዋለሁ። ጣትም ሲቀዘቅዝ ደም አይሰጥም፤ አጥብቆ መጭመቅ ቁጥሩን ያሳስታል፣ ለብ ባለ ውኃ መታጠብ ይሻላል። ወደ ሮቢት ሲወረድ በሚታለፈው ከፍታ፣ ጣርማበር ላይ፣ ደግሞ ጭራሽ አልለካም፤ የመለኪያዬ መመሪያ ከ3,000 ሜትር በላይ አትለኩ ይላል።

የምግብ ዝርዝሩ ለእኛ አልተሠራም። ፒዛው በየዓይነቱ አለ፣ ሽሮ የለም። «ግማሽ እንጀራ በሽሮ» «አንድ ጭብጥ በሶ» እያልኩ የራሴን ሠራሁ። በዚሁ ስለ በሶ አንድ ነገር ተማርኩ። ገብስ ነው፣ አይጎዳም እያልን እንበላዋለን፤ በማር የተበጠበጠውን ጠጥቼ ከሁለት ሰዓት በኋላ ስለካ 241 ነበር። ያለ ማር አነስ አድርጌ ስበላው 176። ሁዳዴ ሲገባም ይህን ሁሉ ይዤ ሐኪሜንም የንስሐ አባቴንም አማከርኩ፤ ሁለቱም ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው እስከ 9 ሰዓት ባዶ ሆድ አይቆይም አሉኝ። የጾም ምግብ በሰዓቱ እየበላሁ ጾምኩ።

አፑ የሦስት ወር አማካይ (ላብራቶሪ ኤችቢኤዋንሲ የሚለው፣ በመቶኛ የሚነገር) ብሎ የሚገምተውን ቁጥር ግን አትመኑት። የካቲት ላይ 6.8 አለኝ፣ ደስ ብሎኝ ላብራቶሪ ብሰጥ 8.3 ወጣ። ስትሪፕ ለመቆጠብ ከሐሙስ በቀር አብዛኛውን ጊዜ ጠዋት በባዶ ሆዴ ነበር የምለካው፤ አፑ ከምሳና ከራት በኋላ ያለውን ከየት ያውቃል? ነርሷ በሳምንት ሰባት ስትሪፕ ደለደለችልኝ፦ ሰኞ ከቁርስ በፊት፣ ማክሰኞ ከምሳ ሁለት ሰዓት በኋላ፣ ረቡዕ ማታ ስተኛ፣ ሐሙስ ሮቢት ላይ፣ እንዲህ እያለ። 50 የያዘው ዕቃ ሰባት ሳምንት ይወስደኛል። ሰኔ ላይ ላብራቶሪው 7.4 ሆነ።

የኢንሱሊን መጠን አስልቶ የሚነግረውን ክፍል አልነካውም። የተሠራው ፈጣን ለሆነው ኢንሱሊን ነው፣ እንደኔ ኤንፒኤች ለሚወጋ አይሆንም።

አንድ ያዘንኩበት ነገር አለ። ሚያዝያ ላይ ስልኬ ውኃ ገብቶበት ሲበላሽ አካውንት ስላልከፈትኩ የሰባት ወር መዝገቤ አብሮ ጠፋ። የተረፈኝ ለነርሷ ያሳተምኩት ሁለት ወረቀት ብቻ ነው። አሁን በአዲሱ ስልክ አካውንት ከፍቻለሁ፣ በየወሩ መጨረሻም ልጄ ታትምልኛለች። የሐሙሶቹን ወረቀት ለብቻ አጥፌ ከብልቃጡና ከስኳሩ ጥቅልል ጋር አንድ ቦርሳ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ፤ የሚጭነው ልጅም ቦርሳው የት እንዳለ ያውቃል።