ከተረከዝ ሕመም ለገላገለችኝ ባለሙያ፦ ምስጋናና ጥቆማ

በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የፊዚዮቴራፒ ክፍል ላገኘኋት ባለሙያ እግዚአብሔር ይስጥልኝ እላለሁ። ስሟ በአደባባይ እንዳይጠራ ስለፈለገች ሙያዋን ላመስግን።

መምህርት ነኝ፤ የምውለው ሲሚንቶ ወለል ላይ ቆሜ ነው። ጠዋት ከአልጋ ስወርድ የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ምስማር የረገጥኩ ያህል ያስጮሁኝ ነበር። ጥቂት ስንቀሳቀስ ይለዝባል፤ ተቀምጬ ቆይቼ ስነሣ ያገረሻል። አንዱ ሪህ ነው ሲለኝ ሌላው ብርድ ነው ይለኛል። አንድ ክሊኒክ ደግሞ ራጅ አንሥቶ «አጥንት ወጥቷል» ብሎ በማስታገሻ ኪኒን ሸኘኝ።

እርሷ ግን አስቀድማ ጠየቀችኝ፦ መቼ እንደሚብስብኝ፣ ምን ዓይነት ጫማ እንደማደርግ፣ የስኳር ሕመም ይኖርብኝ እንደሆነ፣ እግሬን ይደነዝዘኝ እንደሆነ። ከዚያ ጣቶቼን ወደ ላይ ቀልብሳ ተረከዜን ከውስጥ በኩል ስትጫነው ሕመሙን በትክክል ካለበት ቦታ አገኘችው። ፕላንታር ፋሽያይቲስ ይባላል። ከተረከዝ አጥንት ተነሥቶ እስከ ጣቶች ሥር የተዘረጋው፣ የውስጥ እግርን ቅስት ደግፎ የያዘው ጠንካራ ጅማት በጫና ሲጎዳ የሚመጣ ነው። ራጁ ላይ የታየው ከተረከዝ የበቀለ ትርፍ አጥንት ምንም በማያማቸው ብዙ ሰዎችም ላይ እንደሚገኝ ስትነግረኝ እፎይ አልኩ፤ ቀዶ ጥገና እፈራ ነበርና።

ያዘዘችልኝ ነገር ወጪ የለውም። ጠዋት እግሬ መሬት ሳይነካ፣ የሚያመኝን እግር ሌላኛው ጉልበት ላይ አድርጌ ጣቶቼን ወደ ቅልጥሜ እስባለሁ፤ እስከ 10 ቆጥሬ እለቃለሁ፤ 10 ጊዜ እደግማለሁ። ይህንኑ በቀን 3 ጊዜ። ባቴንም ግድግዳ ተደግፌ፣ ተረከዜን ሳላነሣ አሳስባለሁ። ማታ በረዶ የሆነ የውሃ ሃይላንድ በጨርቅ ጠቅልዬ ከእግሬ ሥር አንከባልላለሁ። ቤት ውስጥ በባዶ እግር መሄድ ቀረ። ተረከዝ ላይ ስለሚወጋው የስቴሮይድ መርፌ ስጠይቃት ለጊዜው እንደሚያስታግስ፣ ሲደጋገም ግን ጅማቱን ሊያስበጥስ እንደሚችል አስረዳችኝ። ወራት እንደሚፈጅም አልደበቀችኝም፤ እኔ የወደድኩት ይህን ሐቀኝነቷን ነው። ዛሬ ክፍል ውስጥ ቆሜ ሳስተምር ተረከዜን አላስታውሰውም።

የሥራ ባልደረቦቼ፣ ፀጉር ሠሪዎች፣ አስተናጋጆች፣ ቆማችሁ የምትውሉ ሁሉ፣ የጠዋቱ ሕመም ይህን ከመሰለ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አማክሩ። እብጠት፣ ትኩሳት ወይም መደንዘዝ ካለው፣ ከመውደቅ በኋላ የጀመረ ከሆነ ወይም የስኳር ሕመም ካለባችሁ ግን መጀመሪያ ሐኪም ይያችሁ።