የእናቴን ቀዶ ሕክምና ላስለወጡ ሁለት ባለሙያዎች ምስጋና

ምስጋናዬ በደቡብ እስራኤል በሚገኝ አንድ የሕዝብ ሆስፒታል፣ በክብደት ቀዶ ሕክምና ክሊኒክ ለሚሠሩ አንድ ቀዶ ሐኪምና በዚያው ለምታገለግል አማርኛ ተናጋሪ አስተርጓሚ ነው። ሁለቱም ስማቸው በአደባባይ እንዲነሳ አልወደዱምና ፈቃዳቸውን አከብራለሁ። ሥራቸውን ግን ሳልናገር ማለፍ አልቻልኩም። ከማኅበረሰባችን መካከል ከዓመታት በፊት ጨጓራቸውን በቀዶ ሕክምና አስቀንሰው፣ አሁን ደግሞ ክብደቱ ስለተመለሰ «ሌላ ዓይነት ቀዶ ሕክምና ያስፈልግዎታል» የተባሉ እናቶችና አባቶች ጥቂት አይደሉም። ይህን የምጽፈው ለእነሱና ለልጆቻቸው ጭምር ነው።

እናቴ በ1991 የኢትዮጵያ አይሁዶች በአውሮፕላን ወደ እስራኤል በገቡበት በዘመቻ ሰሎሞን የመጣች ናት (ዓመቶቹን ሁሉ እዚህ በምንጠቀምበት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ከጎንደር ስትነሳ ውሃ ከወንዝ ቀድታ አቀበት የምትወጣ ቀጭን ወጣት ነበረች። እዚህ ከገባች በኋላ ኑሮው ተለወጠ፣ ምግቡም ተለወጠ፤ ክብደቱ መጣ፣ ስኳር በሽታም ተከተለው። በ2014 በዕብራይስጥ ሻርቩል የሚሉትን፣ በሌላው ዓለም ስሊቭ የሚባለውን ቀዶ ሕክምና አደረገች። በዚህ ቀዶ ሕክምና ከጨጓራ ሰማንያ በመቶ ገደማ ተቆርጦ ይወጣል፤ የሚቀረው እንደ ሙዝ ቀጭንና ረዥም ቱቦ ነው። ተቆርጦ የወጣው ተመልሶ አይቀጠልም። እናቴ ከ112 ኪሎ ወደ 78 ወረደች፤ የስኳር መድኃኒቷም ተቀነሰላት። ብዙ ዓመት ደስ ብሏት ኖረች። ከዚያ ክብደቱ ቀስ በቀስ ተመለሰና መቶ ኪሎን አለፈ፤ ስኳሩም አብሮ ከፍ አለ።

የቤተሰብ ሐኪማችን ወደ አንድ ቀዶ ሐኪም ላኳት። ሐኪሙ ሚኒ ባይፓስ የሚባለውን፣ የጨጓራን ቱቦ ከአንጀት ጋር በአዲስ መንገድ የሚያገናኘውን ቀዶ ሕክምና ሐሳብ አቀረቡ። በእስራኤል ባለፉት ዓመታት እጅግ ከተለመዱት የክብደት ቀዶ ሕክምናዎች አንዱ ነው፤ ክብደትንም ስኳርንም በደንብ ይቀንሳል። ሐኪሙ ትሑትና ልምድ ያላቸው ሰው ናቸው፤ ቅሬታ የለኝም። ውይይቱ ስለ ኪሎና ስለ ስኳር ነበር፤ ወንድሜ ያስተረጉማል፣ እናቴ «እሺ» ትላለች። ሁሉም ነገር ያለቀ መስሎ ነበር።

ሌላ ሐኪም እንድናማክር የመከረችን የኩፓት ሆሊማችን (የጤና መድን ድርጅታችን) ነርስ ናት። «አንድ ጊዜ የተቆረጠ ጨጓራ ላይ እንደገና መሥራት እንደ መጀመሪያው አይደለም፤ ከስፌቱ የመፍሰስና የመድማት አደጋው ከፍ ይላል፤ ሁለት ሰው ቢያየው ምን ይጎዳል?» አለችን። እናቴ ግን በፍጹም አልፈለገችም። «ያከመኝ ሰው እያለ ሌላ መጥራት ነውር ነው፤ አላመንኩህም ማለት ነው» አለች። ይህን የሚሉ ብዙ ወላጆች አሉን። ሐኪም በእኛ ዘንድ ትልቅ ክብር አለው፤ ክብሩም ይገባዋል። ሆኖም በእስራኤል የበሽተኛ መብት ሕግ፣ በ1996 የወጣው ማለት ነው፣ ታካሚ በራሱ ፍላጎት የሁለተኛ ሐኪም አስተያየት የመጠየቅ መብት እንዳለው በግልጽ ይደነግጋል፤ የሚያክመው ሐኪምና ተቋምም በዚህ ሊረዱት ይገባል ይላል። ይህንን ለእናቴ ስነግራት «ሕጉ ራሱ ካዘዘ ሐኪሙም አይከፋቸውም» ብላ ልቧ ራራ። ከኩፓት ሆሊሙ ወጪውን ለመሸፈን ቃል የሚገባበትን ቅጽ 17 ተቀብለን ወደዚያ ክሊኒክ ሄድን።

ቀጠሮ ስንይዝ አማርኛ አስተርጓሚ እንደምንፈልግ አስቀድመን ተናግረን ነበር። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው መመሪያ የጤና ተቋማት አገልግሎታቸውን ለታካሚው ቋንቋና ባህል እንዲያመቻቹ አዟልና ይህ እንደ ውለታ የሚለመን ነገር አይደለም። የመጣችው አስተርጓሚ ገና ከመቀመጧ ራሷን አስተዋወቀች፤ ከዚያም ለእናቴ እንዲህ አለቻት፦ «እማማ፣ እዚህ የሚሉትን ሁሉ ሳልጨምር ሳልቀንስ ለሐኪሙ እነግራለሁ፤ ሐኪሙ የሚሉትንም እንዲሁ። ከዚህ ክፍል አንድም ቃል ይዤ አልወጣም። ልጆችዎ ቢቀመጡም ቢወጡም ምርጫው የእርስዎ ነው።» እናቴ ትንሽ አሰበችና «ውጭ ይጠብቁኝ» አለች። እኛም ወጣን።

በዚያ ክፍል የተናገረችውን በኋላ ራሷ በፈቃዷ ነገረችን። ለዓመታት ተጋድማ አትተኛም ነበር። ትራስ ደራርባ፣ ቁጭ ብላ ነበር የምታሸልበው። ሌሊት ጎምዛዛ ውሃ ወደ ጉሮሮዋ እየመጣ ያንቃታል፤ ስታስል ያነጋል። ልጆቼ ይጨነቃሉ ብላ እኛ ፊት አንድም ቀን አላነሳችውም፤ በዚያ ላይ ሐኪም ቤት የሚያስተረጉሙላት እኛው ነን። ለጉልበቷ ሕመም ደግሞ ከመድኃኒት ቤት ኢቡፕሮፌን እየገዛች በየቀኑ ትወስድ ነበር፤ ይህንንም ማንም አልጠየቃትም፣ እሷም አልተናገረችም።

ሐኪሙ ይህን ሲሰሙ የክብደቱን ጉዳይ ለጊዜው ትተው ሌሊቱን ብቻ መጠየቅ ጀመሩ። ስንት ጊዜ ትነቃለች? ድምጿ ጠዋት ጠዋት ይጎረናል? ምግብ ሲወርድ ይይዛታል? አስተርጓሚዋም እናቴ ዝም ባለች ቁጥር «መልስ እያሰቡ ነው፤ ጊዜ ይስጧቸው» እያለች ሐኪሙን ታስታግስ እንደነበር እናቴ እስከ ዛሬ እያነሳች ትመርቃታለች። ከዚያ የ2014ቱ ቀዶ ሕክምና ዝርዝር ዘገባ እንዲመጣላቸው ጠየቁ፤ ኢንዶስኮፒ (ቀጭን ካሜራ በአፍ አስገብቶ ጨጓራን የማየት ምርመራ) እና ነጭ ፈሳሽ እየተዋጠ የሚነሳውን ራጅም አዘዙ።

ውጤቱ ሲመጣ የምግብ ቧንቧዋ የታችኛው ክፍል በአሲድ ቆስሎ ተገኘ። የጨጓራዋ የላይኛው ጫፍ ደረትንና ሆድን በሚለየው ጡንቻ (በድያፍራሙ) ቀዳዳ በኩል ወደ ደረቷ ተንሸራቷል። ኤች ፓይሎሪ የሚባለው የጨጓራ ባክቴሪያም ነበረባት፤ ይህ ከኢትዮጵያ በመጣን ሰዎች ዘንድ በጣም የተለመደ ነው።

በሁለተኛው ቀጠሮ ሁላችንም ተቀመጥን። ሐኪሙ ወረቀት አውጥተው ሦስት ጨጓራ ሳሉ፤ ወረቀቱ አሁንም በቤታችን ማቀዝቀዣ ላይ ተለጥፏል። ስሊቭ ጠባብ ቱቦ ስለሆነ በውስጡ ያለው ግፊት ከፍተኛ ነው፤ አሲዱ ወደ ላይ የሚገፋውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ቀዶ ሕክምናው በብዙ ሰው ላይ ቃርን እንደሚያመጣ ወይም እንደሚያባብስ የታወቀ ነው። ሚኒ ባይፓስ ላይ አንጀቱ ከጨጓራው ቱቦ ጋር በአንድ ቦታ ብቻ ይሰፋል። ሥራው አጠር ይላል፤ ነገር ግን ሐሞቱ በዚያ ስፌት አጠገብ ስለሚያልፍ ወደ ጨጓራና ወደ ምግብ ቧንቧ ሊወጣ ይችላል። ቧንቧው ቀድሞውንም ለቆሰለ ሰው ይህ የሚመረጥ አይደለም። ሦስተኛው መደበኛው የጨጓራ ባይፓስ ነው፤ ሩ-አን-ዋይ ይሉታል። በላይ በኩል ምግብ የሚቀበል በጣም ትንሽ ከረጢት ብቻ ይቀራል፤ አንጀቱ በሁለት ቦታ ይሰፋል፤ ሐሞቱም ራቅ ብሎ ከታች ስለሚገባ ወደ ላይ የሚመለስበት ዕድል በጣም አነስተኛ ነው። «ለእርስዎ የምመክረው ይህንን ነው፤ ወደ ደረት የወጣውም አብሮ ይስተካከላል» አሏት። አስተርጓሚዋ እያንዳንዷን መስመር በጣቷ እየተከተለች አስረዳች። እናቴ መጻፍና ማንበብ አልተማረችም፤ ያንን ሥዕል ግን ዛሬ ለጎረቤት ሁሉ ታስረዳበታለች።

በጣም የወደድኩት ግን በተስፋ አለማማለላቸውን ነው። ከስሊቭ ወደ ባይፓስ ሲለወጥ የሚቀንሰው ኪሎ አብዛኛውን ጊዜ ከመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና ያነሰ እንደሆነ፣ ቃሩ ግን በአብዛኛው ሰው ላይ በእጅጉ እንደሚሻል ፊት ለፊት ነገሯት። ኢቡፕሮፌንና ቮልታረንን የመሳሰሉ ማስታገሻዎች ከባይፓስ በኋላ ስፌቱ ላይ ቁስል ስለሚያመጡ ለዘለቄታው መተው እንዳለባት አስጠነቀቋት፤ ለጉልበቷም ወደ ሌላ ሐኪም ላኳት። ቫይታሚን ቢ12፣ ብረት፣ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ዕድሜ ልክ የሚወሰዱ መሆናቸውን፣ በየጊዜው የደም ምርመራ እንደሚያስፈልግም እንዲሁ። ባክቴሪያው ደግሞ አስቀድሞ መታከም ነበረበት፤ ምክንያቱም ከባይፓስ በኋላ ተለይቶ የሚቀረው የጨጓራ ክፍል በተለመደው ኢንዶስኮፒ አይደረስበትም። መድኃኒቱን ጨረሰች፤ ቆይቶ በትንፋሽ ምርመራ መጥፋቱ ተረጋገጠ።

ከሥነ ምግብ ባለሙያዋ ጋር የተደረገው ውይይትም ያለ አስተርጓሚዋ ፍሬ አያፈራም ነበር። ባለሙያዋ ስለ እርጎና ስለ ዶሮ ሥጋ ስትናገር አስተርጓሚዋ እናቴ በእርግጥ የምትበላውን አስቆጠረቻት፤ ሽሮ፣ ምስር፣ አይብ፣ ከቡና ጋር የሚቀርበው ዳቦ፣ ሦስት ማንኪያ ስኳር ያለበት ሻይ። ጠባብ ጨጓራ ብዙ ምግብ አይቀበልም፤ ጣፋጭ ሻይና ለስላሳ ዳቦ ግን ያለ ችግር ያልፉለታል፤ ክብደቱ የተመለሰበት አንዱ በር ይህ ነበር። ዳቦውም ሻይውም እንዲቀንስ፣ ምስሩ፣ እንቁላሉና አይቡ ከእንጀራው በፊት እንዲበላ ተስማሙ። ቡናው አልተከለከለባትም፤ ስኳሩ ቀረ እንጂ። ለእናቴ ይህ ትልቅ ዜና ነበር።

ታዲያ ቀዶ ሕክምናውን እርሳቸው ያደርጉታል ብለን ጠብቀን ነበር። እርሳቸው ግን «የመጀመሪያው ሐኪማችሁ ይህን ሥራ በደንብ ያውቁታል፤ ውጤቱን ሁሉ ይዛችሁ ተመለሱላቸው» ብለው ደብዳቤ ጽፈው ሰጡን። ተመለስን። የመጀመሪያው ሐኪም ደብዳቤውን አንብበው፣ የኢንዶስኮፒውን ሥዕል አይተው «ትክክል ነው፤ ባይፓስ ይሁን» አሉ፤ እናቴንም ሌላ ሰው በማማከሯ አመሰገኗት። እሷ የፈራችው ቅያሜ አልደረሰም። ቀዶ ሕክምናውን በእሳቸው እጅ አደረገች፤ በሰላም ወጣች። ዛሬ በአንድ ትራስ ተጋድማ ትተኛለች፤ ሌሊት ሳል የለም። ክብደቱም እየወረደ ነው፣ ስኳሩም ተስተካክሏል።

ሚኒ ባይፓስ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ቃር የሌለባት ጎረቤታችን ያንኑ አድርጋ በጣም ተስማምቷታል። የሚስማማው እንደ ሰውየው ነው፤ ያንን ለማወቅ ደግሞ የሚጠይቅና የሚያዳምጥ ሰው ያስፈልጋል። ቀዶ ሐኪሙና አስተርጓሚዋ ለእናቴ ያደረጉት ይህንን ነው። እግዚአብሔር ይስጣቸው፤ ልጆቻቸውን ያሳድግላቸው።

በዚህ መንገድ ላይ ያላችሁ፣ የመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና ዘገባ ከሌላችሁ ቀዶ ሕክምናውን ካደረጋችሁበት ሆስፒታል ቅጂውን ጠይቁ፤ ይህም በዚያው ሕግ የተሰጠ መብት ነው። ለሁለተኛ አስተያየት ስትሄዱ የኢንዶስኮፒ ውጤት፣ የቅርብ ጊዜ የደም ምርመራና የምትወስዱት መድኃኒት ሁሉ አይቅር፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የምትገዙትንም ጨምሩበት። አዲስ ኢንዶስኮፒ ሳያዩ «ይህኛው ይሻላል» የሚሉ ሐኪም ካጋጠሟችሁ ስለ ምርመራው ራሳችሁ አንሱባቸው። በግል ሐኪም ለማማከር የምትፈልጉ፣ ተጨማሪ መድን ካላችሁ ኩፓት ሆሊሙ ከወጪው የተወሰነውን ሊመልስ ይችላልና ከመክፈላችሁ በፊት ስንት እንደሚመልስ ጠይቁ፤ ደረሰኙንም አትጣሉ።

የክሊኒኩን ስም የምትፈልጉ በግል መልእክት ጻፉልኝ፤ እነግራችኋለሁ። አስተርጓሚዋ በሳምንቱ ቀናት ሁሉ ስለማትገኝ ቀጠሮ ስትይዙ እሷ የምትኖርበትን ቀን ለይታችሁ ጠይቁ።