ፖሊስተር ወይስ ኢፖክሲ? ጣና ዳር አሮጌ የፋይበር ጀልባ ለሚያድስ ሰው

ግንቦት ላይ የለጠፍኩት ፋይበር ኅዳር ላይ በጣቴ ተነሣ። ጠርዙ እንደ በሰለ እንጀራ ከፍ ብሎ አየሁት፤ ያዝ አድርጌ ሳብ ሳደርገው ክንድ የሚያህለው ልጣፍ ሳይቀደድ ሙሉውን መጣ። ከሥሩ ያለው የጀልባው ሆድ ልስልስ ብሎ ያብረቀርቃል። ስድስት ወር ሙሉ አብረው ኖሩ እንጂ አልተያያዙም። የተጠቀምኩት ፖሊስተር ሬዚን ነው (ሬዚን ፋይበሩን የሚያርሰውና ሲደርቅ የሚጠነክረው ፈሳሽ ነው)፤ ጥፋቱን ግን ሁሉንም በሬዚኑ ላይ አልጥለውም። አሮጌውን ገጽ በብርጭቆ ወረቀት አሸት አሸት አድርጌ፣ ጀልባው በቅጡ ሳይደርቅ፣ ክረምቱ ሳይቀድመኝ ብዬ በጥድፊያ የሠራሁት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ባለው ግቢያችን ሁለት የዓሣ ጀልባ አድሻለሁ። አንዱን ኢፖክሲ በሚባለው ሌላ ሬዚን ብቻ፣ ሁለተኛውን ደግሞ ሁለቱን በየቦታቸው ለይቼ። አሁን ሰው «የቱን ልግዛ?» ሲለኝ «ለየትኛው የጀልባው ክፍል?» ብዬ እጠይቀዋለሁ። ውኃ ውስጥ ለሚውለው ሆድና ሞተር ለሚታሰርበት የኋላ ግድግዳ ኢፖክሲ፣ ለቀረው ፖሊስተር ይበቃል ባይ ነኝ። ጀልባውን በሙሉ በኢፖክሲ የሠራሁት ጊዜ ግማሹን ገንዘብ በከንቱ ነው ያፈሰስኩት።

ከሬዚኑ በፊት

ሁለተኛውን ጀልባ ልጀምር ስል፣ ዕድሜያቸውን ጣና ላይ ያሳለፉ ጎረቤታችን በአጥሩ በኩል ብቅ አሉ።

«አንተ ልጅ፣ ደርቋል?»

«አዎ አያ፣ ሁለት ሳምንት ፀሐይ ላይ ከረመ።»

መጥተው በጣታቸው አንጓ ሆዱን ኳ ኳ አደረጉት። «ስማው እስቲ። የደረቀ ቢሆን እንደ ቅል ይጮህ ነበር። ይኼ ርጥብ ቆዳ ነው» አሉኝ።

ልክ ነበሩ። እሳቸው በጆሮ የሚያውቁትን እኛ በላስቲክ ማረጋገጥ እንችላለን፦ አንድ ቁራጭ ነጭ ላስቲክ ሆዱ ላይ አንጥፋችሁ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጉና ፀሐይ ላይ አውሉት። ማታ ከውስጥ በኩል ጤዛ ካዘለ ጀልባው ገና ነው። የእኔው አምስት ሳምንት ፈጀ፣ ያውም በጥር ፀሐይ። ወለሉ ሥር ፎም ካለበትና ፎሙ ውኃ ከጠጣ ደግሞ ፀሐይም አያደርቀውም፤ ወለሉን ቆርጦ ማውጣት ነው።

«የጣና ውኃ ጨው ስለሌለው ጀልባ አይጎዳም» ሲባል እሰማለሁ። ለብረትና ለሞተር እውነት ነው። ለፋይበር ግን ነገሩ ይገለበጣል። ጨው አልባ ውኃ ከባሕር ውኃ ይልቅ በላይኛው ቀለም አልፎ ይሰርጋል፤ ውስጥ ካለው ኬሚካል ጋር ሲገናኝ ተጨማሪ ውኃ እየሳበ ቆዳውን ያሳብጠዋል። ሆዱ ላይ እንደ ሽሮ አረፋ ጉብ ጉብ ያለ ነገር ካያችሁ አንዱን በሚስማር ወጋ አድርጉት። የሚወጣው ውኃ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል። ገና ያልገዛችሁት ጀልባ ከሆነ ይቺን ሽታ ዋጋ ማስቀነሻ አድርጓት።

አያያዝ

ፖሊስተር ፋብሪካ ውስጥ፣ ርጥብ በርጥብ ላይ ሲነጠፍ ግሩም ነው። አሮጌ ጀልባ ላይ ሲለጠፍ ግን ከሥሩ ያለው ከዓመታት በፊት የደረቀ ስለሆነ በኬሚካል አይዋሃደውም፤ የሚይዘው ግራይንደሩ በጫረው ሻካራ ገጽ ላይ ጥርሱን ነክሶ ነው። ሲደርቅ ደግሞ በግልጽ ይኮማተራል፣ ጠርዙንም ወደ ላይ ይስባል። ኢፖክሲ መኮማተሩ እምብዛም ነው፣ በተፈጥሮውም ማጣበቂያ ነው። ለእንጨት ሲሆን ልዩነታቸው የበለጠ ይሰፋል፤ ፖሊስተር ከእንጨት ጋር የሚኖረው ፍቅር አጭር ነው።

የቱንም ብትገዙ ጠርዙን በሰፊው አቅጥኑ። ሕጉ የውፍረቱን 12 እጥፍ ነው፦ ሆዱ 5 ሚሊ ሜትር ከሆነ በቀዳዳው ዙሪያ 6 ሳንቲ ሜትር ድረስ እየሳሳ እንዲሄድ ግራይንደር አድርጉት። እኔ ያኔ ሁለት ሳንቲም እንኳ አልሄድኩም ነበር። መኪና እንደሚጠግኑት ባትላሜራዎች ቀዳዳውን በስቱኮ ደፍኖ ቀለም መቀባትም አለ፤ ዓይን ያታልላል፣ ጣና ግን አይታለልም። ስቱኮ ማስተካከያ እንጂ ጥገና አይደለም።

ገንዘቡ

በኪሎ ካያችሁት ፖሊስተር ከኢፖክሲ ከግማሽ በታች ዋጋ ነው። በጀልባው ላይ ሲሰላ ግን ልዩነቱ ይጠባል። ከፖሊስተር ጋር የሚሄደው የተቆራረጠ ክር የተበተነበት ማት ነው፣ እሱም የክብደቱን ሁለት እጥፍና ከዚያ በላይ ሬዚን ይጠጣል። አንድ ካሬ ሜትር ቦታ በ450 ግራም ማት ሦስት ድርብ ስታለብሱ ማቱ 1.35 ኪሎ፣ ሬዚኑ 3 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ኢፖክሲ የሚፈልገው የተሸመነ ወይም የተሰፋ ጨርቅ ነው፤ ጨርቁ ደግሞ የራሱን ክብደት ያህል ብቻ ነው የሚጠጣው። ሁለት ድርብ የ600 ግራም ጨርቅ 1.2 ኪሎ ነው፣ ሬዚኑም ከ1.5 ኪሎ አይበልጥም፤ ጥንካሬው ከማቱ አያንስም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ማቱ ርካሽ ነው ብሎ በኢፖክሲ ያርሰዋል። ማቱን አንድ ላይ የያዘው ሙጫ በፖሊስተር ውስጥ ባለው ስታይሪን እንዲሟሟ የተሠራ ነው፤ ኢፖክሲ ውስጥ ስታይሪን የለም፣ ስለዚህ ማቱ እንደ ደረቅ ካርቶን ግትር ብሎ ይቀራል፣ ከሥሩም አየር ይቋጥራል። ጨርቅ ካላገኛችሁ ኢፖክሲውንም ተዉት።

ስትገዙ

ሬዚኑ በአብዛኛው ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው፤ መንገድ ላይና ቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ምን ያህል ሙቀት እንደበላ ማወቅ አይቻልም። ፖሊስተር ዕድሜው አጭር ነው፣ ወራት እንጂ ዓመታት አይቀመጥም፣ ሙቀት ደግሞ ያሳጥረዋል። ስለዚህ ክዳኑን አስከፍቱና በእንጨት ከሥር ድረስ አማስሉ። እንደ ማር ከወፈረ ወይም ከሥሩ ጓጉሎ ከተገኘ አትክፈሉ። ቀለሙንም እዩ፦ ማፋጠኛው (ማድረቂያው ሥራውን እንዲጀምር የሚረዳው ኬሚካል) አስቀድሞ የገባበት ሬዚን ብዙውን ጊዜ ወደ ሐምራዊ ወይም ወደ ሮዝ ይወስደዋል። ካልገባበት ስትሠሩ በምትጨምሩት ማድረቂያ ብቻ አይደርቅላችሁም። ማፋጠኛውን ለብቻ ከሸጡላችሁ ደግሞ ከማድረቂያው ጋር በቀጥታ በፍጹም እንዳታገናኙት፤ ይፈነዳል። መጀመሪያ ማፋጠኛው ሬዚኑ ውስጥ በደንብ ይዋሃዳል፣ ከዚያ ነው ማድረቂያው የሚጨመረው።

ኢፖክሲ ሲሆን ጥያቄው ሌላ ነው። ገበያ ላይ «ኢፖክሲ» ተብሎ የሚቀርበው ብዙ ጊዜ የወለል ነው፤ ወፍራም ስለሆነ ጨርቅ ውስጥ አይሰርግም። ለፋይበር ማልበሻ የተሠራውን ለይታችሁ ጠይቁ፣ ሃርድነሩም (ኢፖክሲን የሚያደርቀው ሁለተኛው ፈሳሽ) የዚያው የራሱ መሆኑን አረጋግጡ። የአንዱን ሬዚን በሌላው ሃርድነር ማድረቅ አይሞከርም።

ሰዓትና አየር

ፖሊስተር ትዕዛዝ ይቀበላል። ማድረቂያው ከሬዚኑ ክብደት ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው፤ ለግማሽ ኪሎ ከ5 እስከ 10 ግራም ማለት ነው። ቀዝቀዝ ሲል ወደ 2፣ በመጋቢት ሐሩር ወደ 1 ታቀርቡታላችሁ። ከፋርማሲ የሚገዛ ባለ 10 ሲሲ ሲሪንጅ ለዚህ ሥራ ተወዳዳሪ የለውም። ኢፖክሲ ግን ድርድር አያውቅም። ጣሳው ላይ 2 ለ 1 ከተባለ 2 ለ 1 ነው፤ ሃርድነር ስለጨመሩ አይፈጥንም፣ ለዘላለም ሙጫ ሆኖ ይቀራል እንጂ። የባሕር ዳር የታኅሣሥ ሌሊት ለኢፖክሲ ብርድ ነው፤ በዚያ ወቅት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሬ ከ8 ሰዓት በፊት እጨርሳለሁ፣ ማታ ሸራ አለብሰዋለሁ። ክረምት ላይ ሁለቱንም ባትነኳቸው ይሻላል።

ሁለቱም ቢሆኑ በብዛት አንድ ዕቃ ውስጥ መበጥበጥ አይወዱም። አንድ ጊዜ ሙሉ ኪሎ ኢፖክሲ በላስቲክ ጆግ በጥብጬ ስልክ አነሣሁ። ስመለስ ጆጉ ይጨሳል፣ ወገቡም ቀልጦ ተጣሟል። አሁን ትንሽ ትንሽ እየበጠበጥኩ ዝርግ ትሪ ላይ እዘረጋዋለሁ፣ ሙቀቱ እንዲወጣ።

ቤተሰብ ላለው

ኢፖክሲ ሽታው ቀላል ነው፤ የፖሊስተሩ ስታይሪን ግን አጥር ይሻገራል። በመጀመሪያው ሳምንት እናቴ ረከቦቷን ይዛ ወደ ጎረቤት ተሰደደች፤ «ቡናዬ ቀለም ቀለም ይላል» ብላ። ደግሞም እሳት ይይዛል፤ ከሰል በተያያዘበት ግቢ አይከፈትም። የፖሊስተር ማድረቂያ ዓይን ውስጥ ከገባ ያሳውራል፣ ያለ መነጽር አትንኩት። የኢፖክሲ ክፋት ድምፅ የለውም፦ ቆዳን ቀስ በቀስ ያስቆጣል፣ አንዴ ካስቆጣ በኋላ ያ ሰው ዳግም ሊነካው አይችልም። ጓንት፤ እጅም በአሴቶን አይታጠብም።

ሲጨርሱ ያለውን ባጭሩ፦ ፖሊስተር ላይ የጀልባውን የራሱን ጄልኮት (የሚያብረቀርቀውን የላይኛውን ልባስ) መልሶ መቀባት ይቻላል። ኢፖክሲ ላይ ጄልኮት በደንብ አይዝም፤ ኢፖክሲው ሲደርቅ ላዩ ላይ የሚመጣውን ሰም መሰል ነገር በውኃ አጥቦ፣ አሽቶ ቀለም መቀባት ነው። ቀለሙ ደግሞ ግዴታ ነው፣ እርቃኑን የቀረ ኢፖክሲን ፀሐይ ዱቄት ታደርገዋለች።

የኋላው ግድግዳ

ጀልባ ገዝቶ የሚከስር ሰው ብዙ ጊዜ የሚከስረው እዚህ ነው። ከውጭ ፋይበር ይመስላል፣ መኻሉ ግን ኮምፔንሳቶ ነው፣ በብሎኖቹ ቀዳዳ ውኃ ገብቶ ይበሰብሳል። ሞተሩን ከታች ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቁት፤ ግድግዳው አብሮ ከተነቃነቀ አልቋል። ሻጩ ከፈቀደ ከውስጥ በኩል በቀጭን መሰርሰሪያ ብሱት፦ ነጭ ደረቅ ብናኝ ከወጣ ደኅና ነው፣ እንደ ቡና አተላ የጠቆረና የራሰ ከወጣ ሙሉ ቅየራ አለባችሁ።

ለቅየራው አንዳንዱ ዋንዛ ይመክራል። ዋንዛን ለበርና ለአልጋ እወዳታለሁ፤ ወፍራም ጣውላ ግን ውኃ ሲነካው እየሰፋ ሲደርቅ እየጠበበ ፋይበሩን ይሰነጥቀዋል። ውኃ የሚቋቋም ሙጫ ያለው ኮምፔንሳቶ፣ ሁለት ንብርብር፣ ሁሉም ጠርዝ ኢፖክሲ የጠጣ። የብሎን ቀዳዳዎቹን አስፍታችሁ ብሱ፣ በኢፖክሲ ሙሏቸው፣ ሲደርቅ መኻሉን እንደገና ብሱት፤ ብሎኑ ያኔ እንጨት ሳይነካ ያልፋል።

ይህን ሁሉ የምለው ክብደት ስለሚከፈልበት ነው። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ የቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ስለሚያጣ ባለ 25 ፈረሱ እዚህ የ20 እና የ21 ሥራ ነው የሚሠራ። በዚያ ላይ ውኃ የጠጣ ፎምና የበሰበሰ እንጨት ጭኖ እስከ ደቅ ደሴት መሄድ ቤንዚን ማፍሰስ ነው።

ለመደበኛ የዓሣ ጀልባ እኔ የምገዛው ለሆዱና ለኋላው ግድግዳ የሚሆን ኢፖክሲ ከተሸመነ ጨርቅ ጋር፣ ለወለሉ፣ ለመቀመጫውና ለላይኛው ጠርዝ ደግሞ ፖሊስተርና ማት ነው። ቅደም ተከተሉን ግን ጠብቁ፦ ኢፖክሲ በአሮጌ ፖሊስተር ላይ ይይዛል፣ ፖሊስተር በኢፖክሲ ላይ ግን አይታመንም። ጀልባው ለሁለት ዓመት ብቻ የሚፈለግና ደረቅ ከሆነ፣ ግራይንደሩን ሳትሰስቱ ሁሉንም በፖሊስተር ብትጨርሱት አልቃወምም። ሆዱ ከጥቁር ድንጋይ ጋር ዕለት ዕለት የሚፋተግ ከሆነ ግን ቢያንስ መኻል አከርካሪውን በኢፖክሲ አልብሱት።

አሁን ግቢያችን ድንጋይ ላይ የተቀመጠ ሌላ ጀልባ አለ። ትናንት ማታ ላስቲኩን ገልጬ አየሁት፣ አሁንም ጤዛ አዝሏል። ኢፖክሲውን ገና አልገዛሁም።