የዳታቤዛችንን ባፈር ፑል ላስተካከሉልን ባለሙያ ምስጋናና ጥቆማ

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ባለው የመድኃኒት ጅምላ መሸጫችን የዳታቤዝ (የሽያጭ መረጃችን የሚከማችበት ሲስተም) ሥራ የሠሩልንን ባለሙያ በአደባባይ ላመሰግናቸው እወዳለሁ። የወር መዝጊያ ሪፖርት በሚወጣበት ሰዓት ደረሰኝ መቁረጥ እየዘገየ ደንበኞቻችን ይጉላሉ ነበር። ቀደም ሲል ያማከርነው ሰው አዲስ ሰርቨር እንድንገዛ ነግሮን ነበር፤ እርሳቸው ግን ስለ ግዢ ከማውራታቸው በፊት ያለን ሜሞሪ በምን ላይ እንደዋለ መረመሩ።

ሰርቨራችን 16 ጊጋባይት ሜሞሪ እያለው፣ የዳታቤዝ ፕሮግራማችን ማይኤስኪውኤል ከዲስክ ያነበበውን መረጃ ቶሎ እንዲያገኘው በሜሞሪ የሚያቆይበት ቦታ፣ ማለትም ባፈር ፑል፣ ሲጫን በነበረው በ128 ሜጋባይት ላይ ቀርቶ ተገኘ። መረጃው የሚያዘው እያንዳንዳቸው 16 ኪሎባይት በሆኑ ገጾች ስለሆነ፣ በዚያ ቦታ የሚገቡት ከ8 ሺህ ብዙም የማይበልጡ ገጾች ናቸው፤ ሪፖርቱ ደግሞ የሚፈልገውን መረጃ በቶሎ የሚያገኝበት ኢንዴክስ (ማውጫ) ስለሌለው የሽያጩን ሠንጠረዥ ከዳር እስከ ዳር እያነበበ፣ ለደረሰኝ የሚፈለጉትን ገጾች ያስወጣቸው ነበር። ባለሙያው ኢንዴክሱን ሠርተው ባፈር ፑሉን ወደ 8 ጊጋባይት አሳደጉት። ከዚያ በላይ እንዲጨምሩ ብጠይቃቸው፣ በዚያው ሰርቨር ላይ የሒሳብ ፕሮግራማችንም ስለሚሠራ፣ ሜሞሪ አጥሮ ሲስተሙ በሜሞሪ ያለውን ወደ ዲስክ መገልበጥ ከጀመረ የተገኘው ፍጥነት ሁሉ እንደሚጠፋ በትዕግሥት አስረዱኝ። እንዲህ ያለውን ልክ የሚያውቅ ባለሙያ እጅግ አከብራለሁ።

ከሁሉ በላይ ያስደሰተኝ የመብራት መቆራረጡን ማሰባቸው ነው። ማይኤስኪውኤል በሥርዓት ሲዘጋ በባፈር ፑሉ ውስጥ የነበሩትን ገጾች ዝርዝር መዝግቦ፣ ሲነሣ መልሶ ይጭናቸዋል፤ መብራት በድንገት ሲጠፋ ግን ይህን የሚያደርግበት ጊዜ አያገኝም። ስለዚህ ዝርዝሩ በሥራ ሰዓት በየጊዜው እንዲመዘገብ አድርገውልናል፤ አሁን ሰርቨሩ ተነሥቶ ብዙም ሳይቆይ ወደ ወትሮው ፍጥነቱ ይመለሳል። ከዲስክ የሚነበበውና ከሜሞሪ የሚገኘው ስንት እንደሆነ እኛው ራሳችን እንድንከታተልም ሠራተኛችንን አሠልጥነውልናል፣ ይህንንም ያለ ተጨማሪ ክፍያ።

ጎንደርም ሆነ አዘዞ ያላችሁ፣ በዳታቤዝ መዘግየት የተቸገራችሁ ነጋዴዎች፣ አዲስ ሰርቨር ከመግዛታችሁ በፊት እኚህን ባለሙያ አማክሩ። ስልካቸውን በፈቃዳቸው በውስጥ መስመር እልክላችኋለሁ። የሰርቨራችሁን የሜሞሪ መጠንና በላዩ የሚሠሩትን ፕሮግራሞች ዝርዝር አስቀድማችሁ አዘጋጁ፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ ይህንኑ ነው።