ባለ 11፣ ባለ 10 ወይስ ባለ 9? ለአሮጌ ሃይሉክስ የሚስማማው የኋላ ዲፈረንሻል

የአባቴ ፒክአፕ ዲፈረንሻል (የሞተሩን ዙር ወደ ኋላ ጎማዎች የሚያደርሰው የጥርስ ቤት) ማፏጨት ጀመረ። ነዳጅ ስሰጠው ያፏጫል፣ እግሬን ሳነሳ ዝም ይላል። መኪናው በ1983 እ.ኤ.አ. የመጣው የሃይሉክስ አራተኛ ትውልድ ነው። 2.4 ሊትር ናፍታ፣ ባለ አምስት ማርሽ፣ በኋላ ጎማ ብቻ የሚነዳ።

አሮጌውን አስፈትቼ ሶማሌ ተራ ይዤ ሄድኩ። ሻጩና እኔ ውስጡ ያለውን የትልቁን ክብ ብረት ጥርስ ቆጠርን። የእኔም 41፣ የእሱም 41። «ያው ነው» አለኝ፤ ገዛሁት።

ያው እንዳልሆነ የገባኝ በሳምንቱ ነው። 16 ከረጢት ሲሚንቶ፣ ማለትም 8 ኩንታል ጭኜ ከለገሃር ወደ ፒያሳ እየወጣሁ ነበር። ከቴዎድሮስ አደባባይ በላይ ያለው ዳገት ተዘጋግቷል። ቆም፣ ሄድ፣ ቆም፣ ሄድ። ሁለተኛ ማርሽ ሳስገባ ሞተሩ ይንቀጠቀጥና ሊጠፋ ይደርሳል። በአንደኛም ቢሆን ፍሪሲዮኑን ግማሽ ይዤ ካልሆነ አይነሳም። ማዘጋጃ ቤት ስደርስ ጋቢናው በሙሉ የተቃጠለ ፍሪሲዮን ይሸት ነበር።

ነገሩ ያለው ትንሹ ጥርስ ላይ ነው። በእነዚህ ሃይሉክሶች ሦስቱ የተለመዱ ሬሾዎች ትልቁ ጥርሳቸው አንድ ዓይነት 41 ነው። ትንሹ ፒኒየን ግን 11፣ 10 ወይም 9 ይሆናል። 41 ለ11 ሲካፈል 3.727፣ ለ10 ሲካፈል 4.1፣ ለ9 ሲካፈል 4.556። የእኛ ባለ 10 ነበር። የገዛሁት ባለ 11 ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ሻጭ «ባለ 41 ነው» ቢላችሁ ገና ምንም አልነገራችሁም።

ቁጥሩ የሚናገረው ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር ሻፍቱ (ከካምቢዮው ወደ ዲፈረንሻሉ የሚሄደው ዘንግ) ስንት ጊዜ እንደሚዞር ነው። ቁጥሩ ሲያንስ መኪናው ሯጭ ይሆናል፣ ሲበዛ ጎታች።

የአዲስ አበባ ነገር ደግሞ ለብቻው ነው። መሃል ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ይጠጋል። አየሩ ስስ ስለሆነ ተርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከጉልበቱ ከአምስት አንድ እጅ በላይ ያጣል። ጅቡቲ ወደብ ላይ ሲወርድ የነበረው ጉልበት ፒያሳ ላይ የለም። ከ3.727 ወደ 4.556 መሄድ በአንድ ማርሽ ጎማው ላይ የሚደርሰውን ጉልበት በ22 በመቶ ይጨምራል። ከፍታው የወሰደውን አብዛኛውን መለሰላችሁ ማለት ነው። የሚከፈለው በፍጥነት ነው።

ስንት ይከፈላል? 195 በ14 ጎማ አንድ ዙር 2.1 ሜትር ያህል ይሄዳል። በዚያ ሒሳብ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ስትነዱ ሞተሩ በደቂቃ የሚዞረው ይህን ያህል ነው። አምስተኛውን ማርሽ 0.85 ብዬ ይዣለሁ፤ ማለትም ሻፍቱ አንድ ጊዜ ሲዞር ሞተሩ 0.85 ጊዜ ይዞራል፣ በአራተኛ ግን እኩል ይዞራሉ።

3.727፦ በአራተኛ 2,960፣ በአምስተኛ 2,510
4.1፦ በአራተኛ 3,250፣ በአምስተኛ 2,770
4.556፦ በአራተኛ 3,620፣ በአምስተኛ 3,070

ባለ 11ኛው ወረቀት ላይ ያምራል። ሞተሩ አይጮህም፣ በሜዳ ላይ ነዳጅ ይቆጥባል። ባዶውን አዳማ ለሚመላለስ፣ በተለይ ካምቢዮው ባለ አራት ማርሽ ለሆነ ሰው ትርጉም አለው። ግን አዳማ 1,700 ሜትር አካባቢ ናት። ስትመለሱ ከ600 ሜትር በላይ ትወጣላችሁ፤ ጭነት ካለ አምስተኛው አይዝም፣ ወደ አራተኛ ትወርዳላችሁ። የቆጠባችሁትን እዚያው መለሳችሁት። ከተማ ውስጥ ደግሞ ፍሪሲዮን ይበላል፤ ናፍታውም በዝቅተኛ ዙር ሲታገል ጥቁር ጭስ ይተፋል። እኔ ለሚጭን መኪና አልመክረውም።

ባለ 10ሩ ለአብዛኛው ሰው የሚሆን ነው። ቤተሰብ የሚያመላልስ፣ አልፎ አልፎ አንድ ሁለት ኩንታል የሚጭን ሰው ከዚህ ባይወጣ ጥሩ ነው።

ባለ 9ኙን የመረጥነው እኛ ነን። አባቴ በሳምንት ሦስት ቀን ይጭናል፣ ደንበኞቹም አብዛኞቹ ሽሮ ሜዳና ከዚያ በላይ ናቸው። ያንኑ 16 ከረጢት ጭኜ ያንኑ ዳገት ወጣሁ። ሁለተኛ ገባ፣ ያዘ፣ እስከ ማዘጋጃ ቤት አልለቀቀም። ከእንጦጦ ስንወርድም ሞተሩ ራሱ መኪናውን ስለሚይዘው ፍሬን ላይ ያለው ጫና ቀንሷል፤ ይህን ሳልጠብቀው ነው ያገኘሁት። ጉዳቱ ረጅም መንገድ ላይ ነው። አምስተኛ ማርሽ ከሌላችሁ አትግዙት። በአዳማ የፍጥነት መንገድ የሚፈቀደው 120 ነው፤ በአራተኛ በዚያ ፍጥነት ሞተሩ 4,300 ያልፋል። ያንን ዙር አሮጌ ናፍታ ለሰዓት አይችለውም።

3.909 (43 ለ11) እና 4.875 (39 ለ8) የሚባሉም አሉ። የመጀመሪያው ከ4.1 ብዙም አይለይም፣ ርካሽ ካገኛችሁ ውሰዱት። ሁለተኛው ትልልቅ ጎማ ላሰረ ብቻ ነው። ጎማ ሲያድግ ሬሾውን ያሳንሳል፦ ዙሪያው በ10 በመቶ ከጨመረ 4.556 እንደ 4.1 ይሆናል።

ከመግዛታችሁ በፊት የራሳችሁን እወቁ። መሬቱ ሜዳ ይሁን። የፊት ጎማዎች ላይ ታኮ አድርጉ፣ አንዱን የኋላ ጎማ በክሪክ አንሱ፣ ካምቢዮውን ፎሌ አድርጉ፣ የእጅ ፍሬኑን ልቀቁ። ሻፍቱ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጋችሁ የተነሳውን ጎማ 20 ጊዜ አዙሩ። ሌላው ጎማ መሬት ላይ ቆሞ ስለሚቀር 20ው ዙር እንደ 10 ይቆጠራል፤ ስለዚህ ሻፍቱ 41 ከዞረ 4.1 ነው። 37 ከምናምን ከሆነ 3.727፣ 45 ተኩል ከሆነ 4.556። መኪናው ሥር አትግቡ፤ ሻፍቱን የሚቆጥር ሰው ከጎን አጎንብሶ ያየዋል።

በአራቱም ጎማ የሚነዳ ከሆነ የፊቱም የኋላውም አንድ ሬሾ መሆን አለበት። የኋላውን ብቻ ቀይራችሁ አስፋልት ላይ አራቱንም ብታስገቡ አንድ ነገር ይሰበራል። ባለ 7.5 ኢንችና ባለ 8 ኢንች ዲፈረንሻልም (ኢንቹ የትልቁ ጥርስ ስፋት ነው) አይለዋወጡም።

ፍጥነት መቁጠሪያውን አትርሱ። ከ4.1 ወደ 3.727 ከቀየራችሁ ሰሌዳው 100 ሲል እናንተ በ110 ናችሁ። ወደ 4.556 ሲሆን በተቃራኒው ከእውነተኛው 11 በመቶ አብዝቶ ያሳያል። ካምቢዮው ላይ ያለችውን የመቁጠሪያ ትንሽ ጥርስ በሚስማማ ማስቀየር ያስፈልጋል።

ከተቻለ ሙሉውን ከነቤቱ ግዙ። ትልቁና ትንሹ ጥርስ ፋብሪካ ውስጥ አብረው የተላመዱ ጥንዶች ናቸው፤ አንዱን ከሌላ አምጥቶ መግጠም ያስጮኸዋል። የግድ ጥርሱ ብቻ የሚቀየር ከሆነ በመካከላቸው ያለው ክፍተት በባለ 8 ኢንቹ ከ0.13 እስከ 0.18 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ በጣት ነቅነቅ ተደርጎ አይታወቅም፣ መለኪያ ያለው መካኒክ ፈልጉ። ዘይቱ ጂኤል 5 የሚባለው የዲፈረንሻል ዘይት ደረጃ ይሁን። የእኛን ከ800 ኪሎ ሜትር በኋላ አውጥተን አየነው፤ ጣት ላይ የሚቀር ደቃቅ የብረት ዱቄት ብቻ ነበረው፣ ስባሪ አልነበረም።