የብሎካችን እድር፦ ልጅ ለሞተበት ቤት ምን ያህል ይሆናል?

ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም አዲስ የገባ ሰው ከውሃና ከትራንስፖርት ቀጥሎ የሚጠይቀው «እድራችሁ ጥሩ ነው?» ብሎ ነው። መልሱ የሚታወቀው ሰው ሲሞት ነው። በቅርቡ ጎረቤቶቻችን የሰባት ዓመት ወንድ ልጃቸውን ታሞባቸው አጡ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ስለጠየቀኝ ያየሁትን ልጻፈው። የእድሩን ስም አልጠራም፣ የሚያውቅ ያውቀዋል።

እቃው ላይ ቅሬታ የለኝም። ሬሳው ከሆስፒታል ሳይመጣ ድንኳኑ በሁለቱ ብሎኮች መሃል መኪና ማቆሚያው ላይ ተተክሎ ነበር። ጥሩምባ ነፊ የለንም፤ ጥሪው በቴሌግራም ነው፣ ስልክ ለማያዩት ትልልቅ ሰዎች ደግሞ ልጆች በር እያንኳኩ ይነግራሉ። ወንበሩ በቂ ነው፣ ድስቱም ትሪውም ንጹህ ነው። ሴቶቹ ኮሚናሉ (የጋራ መጠቀሚያ ቤቱ) ውስጥ ንፍሮውን ጥደው አደሩ። ጾም ስለነበር ሽሮና ምስር ነው የተሠራው፣ ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ዳቦውንና ሻዩን ችለው ቤተሰቡ ምንም እንዳያስብ አደረጉ። ድንኳኑ አንድ ጥግ ላይ ያፈሳል፤ ክረምት ሳይገባ ካልተጠገነ ጉድ ነው።

ችግሩ ከሰው አፍ ይጀምራል።

በመጀመሪያው ቀን ማታ ከኮሚቴው አንዱ ተነስተው አጽናኑ። «ልጅ ነው፣ ኃጢአት የለበትም፣ እግዜር ይተካላችኋል፣ ገና ልጆች ናችሁ» አሉ። ክፋት የለባቸውም፣ ሲባል የሰሙትን ነው ያሉት። ግን ልጅ እንደተሰበረ ብርጭቆ አይተካም። እናትየው አንገቷን ደፍታ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች፣ ከዚያ በኋላ እስከ ሌሊት ለማንም ቃል አልመለሰችም። «እግዜር ያጽናሽ» ብለው ቢቀመጡ ይበቃ ነበር። «አታልቅሺ፣ ይበቃሻል» የሚሏትም ነበሩ። ያልጠገበችውን ልጅ ቀብራ መጥታ በስንት ሰዓት ነው የሚበቃት?

ስም ጥሪው ደግሞ አለ። በቀብርም በማታም ጸሐፊው መዝገብ ይዘው አባል ይጠራሉ፣ የቀረ ይቀጣል። ደንቡ ይገባኛል፤ ቅጣት ባይኖር ግማሹ ሰው ከሥራ ደክሞኛል ብሎ ይቀር ነበር። ግን አባትየው አጠገብ ቆሞ «አለሁ! አለሁ!» መባባሉ ምን ይሉታል? ወደ ኮሚናሉ ወጣ ብሎ መጥራት ይቻላል።

አሁን ደስ ወዳለኝ ልምጣ። ሰፈሩ ያችን እናት የሚያውቃት በልጇ ስም ነው፣ «የእገሌ እናት» እያለ። ልጁ ሲሞት ሰው ሁሉ ስሙን ዋጠው። «እህቴ» ማለት ተጀመረ፣ ሌላው ዝም ብሎ እጇን ይይዛል። ስሙ ከተነሳ ቁስሏ ይነካል ተብሎ ነው። በሠልስቱ ታች ያለው ባለሱቅ መጣና እንደ ወትሮው በልጇ ስም ጠራት። አጠገቧ ቁጭ ብሎ «ጠዋት ዳቦ ሊገዛ ሲመጣ እኮ በእጁ ሳይነካ አይወስድም ነበር፣ ከቀዘቀዘ ይመልስልኛል፣ እማዬ ትኩስ ነው የምትወደው እያለ» አላት። ድንኳኑ ጸጥ አለ። አንዳንዱ በዓይኑ ገላመጠው። እሷ ግን ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ «እኔ እኮ የትኛውም ይሁን ብዬዋለሁ፣ እሱ ነው እምቢ የሚለው» አለች፤ አለቀሰችም፣ ሳቅም አመለጣት። ከዚያ ስለ ልጇ ማውራት ጀመረች፣ ትምህርት ቤት ያደረገውን፣ ደረጃ ላይ የሚዘለውን፣ ሁሉንም። የቀረበላትን ሻይም የጠጣችው ያኔ ነው። ባለሱቁ የኮሚቴ አባል አይደለም፣ መዋጮም አንዳንዴ ያሳልፋል። ቢሆንም ለእሱ አምስት ኮከብ።

አባትየውን የረሳነው ይመስለኛል። ታክሲ ነጂ ነው። የሚመጣው ወንድ ሁሉ ትከሻውን መታ መታ እያደረገ «አይዞህ፣ አንተ ጠንክር፣ እሷን አጽናት» ይለዋል። እሱንስ ማን ያጽናው? ሰው ሲያስተናግድ፣ ወንበር ሲያቀርብ ነው የዋለው፣ በገዛ ልጁ ለቅሶ። ረዳቱ የነበረው ወጣት ብቻ ነው ሥራውን ትቶ ጎኑ የተቀመጠው፣ ብዙም ሳይናገር።

ስለ ገንዘቡ። መዋጮው በወር 100 ብር ነው፣ ለከተማው ውድ አይባልም። ግን በደንቡ ለልጅ የሚከፈለው የአዋቂውን ግማሽ ነው። ገንዘብ ያዡን ስጠይቃቸው «ከድሮ ሰፈራችን እድር የገለበጥነው ነው» አሉኝ። ብዙዎቻችን ከመሃል ከተማ ነው የመጣነው፣ አንዳንዱ ኮንዶሚኒየም ደርሶት፣ አንዳንዱ በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ፤ ድንኳኑንና ድስቱን እዚያው ትተን ደንቡን ብቻ ይዘን መጣን። ያ ደንብ በወጣበት ዘመን የልጅ ሞት ብዙ ነበር። በ2000 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የሕዝብና የጤና ጥናት ከ1000 ልጆች 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው እንደሚሞቱ ያሳያል፤ በ2019ኙ ቁጥሩ 59 ነው። ምናልባት እድሩ እንዳይከስር ተብሎ ይሆናል የተወሰነው። አሁን ግን የድንኳኑም የመኪናውም የእዝኑም ወጪ ለልጅ ተብሎ አይቀንስም። ይህ መሻሻል አለበት፣ በጠቅላላ ጉባኤ አነሳዋለሁ።

ከሠልስት በኋላስ? ድንኳኑ ይፈርሳል፣ የእድሩ ሥራ በደንቡ መሠረት አለቀ። እንደ እኔ ከባዱ ጊዜ የሚመጣው ያኔ ነው፤ ዘመድ ወደየቤቱ ሄዶ፣ የልጁ ቦርሳ በር ላይ እንደተሰቀለ። እዚህ ላይ ያዳነን የፎቃችን ሴቶች የቡና ተራ ነው። ማንም ሳያዛቸው ቡናውን ወደ እሷ ቤት አዞሩት። ጀበናውም ከሰሉም ከእነሱ፣ እሷ በር መክፈት ብቻ። ማውራት ስትፈልግ ያወራሉ፣ ሳትፈልግ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ያማርራሉ። አርባው አልፎም አላቆሙም። ለአባቶች እንዲህ ያለ ነገር የለም፣ ወንዶቹ እናስብበት።

በጥቅሉ ለእቃና ለፍጥነት ከአምስት አራት፣ ለማጽናናቱ ሁለት፣ ለቡናዎቹ ሴቶች ሙሉ። ሳትመዘገቡ ግን አትቀመጡ፣ እዚህ ሰፈር ያለ እድር አይኖርም። ምዝገባው እሁድ ጠዋት ኮሚናሉ ውስጥ ነው፣ መታወቂያ ያዙ። የቤተሰብ ዝርዝር ስትሞሉ ጨቅላውንም ጭምር አስጽፉ፣ ያልተጻፈ ልጅ ግማሹም አይከፈልበትም።